በዘፈኖቹ መሃል

ዲጄው ከመድረኩ ሥር ተንጋሎ ሞቷል። ማጅራቱ ከመድረኩ የብረት ጠርዝ ጋር ተላትሟል። ሠርጉ ነገ ነው፤ ሬሳውን ብቻዋን ያገኘችው ደግሞ ሙሽራዋ ናት። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ አጠገቧ ቆሟል።

«እኔ ነኝ የቀጠርኩት! ዛሬም ቢሆን እሱኑ እቀጥራለሁ!» አለች፣ ገና ከፀጉር ቤት የወጣ ራሷን ቀና አድርጋ።

መርማሪዋ ማስቲካዋን እያኘከች ዙሪያዋን ቃኘች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ዓይኗ ግን የትም ይደርሳል።

«አጎትሽ ባንድ አለው፤ አሳድጎሻልም። ምነው እሱን ትተሽ?»

«ምክንያቱን ለነገ ነው ያስቀመጥኩት። ለፖሊስ አልናገርም።»

«ብትታሰሪም?»

«ብታሰርም!»

«ወይ ግትርነት!» አለች መርማሪዋ። መድረኩ ላይ ለሙሽሮቹ ከተዘጋጁት ሁለት ወንበሮች አጠገብ፣ በሙሽራዋ በኩል፣ ሦስተኛ ወንበር አየች። ምንም ሳትል አለፈች።

የአዳራሹ ኃላፊ ጭንቅ ይዞታል። «ከሚዜው ጋር ግቢ ውስጥ ወንበር ከመኪና ስናወርድ ነው ያረፈድነው፤ አልተለያየንም። ዲጄው መሣሪያውን ሲሞክር እንሰማለን። ዘፈን በዘፈን ላይ! ወንበር ተሸክሜ ስወዛወዝ ሚዜው ሳቀብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ዘፈኑ ያልቃል፣ ጭጭ ይላል፣ ሌላው ይጀምራል። ደክሞት ነው አልኩ። አጎትየውም ከወደ አዳራሹ መጥተው ‹ልጁ እየሞከረ ነው፣ አትረብሹት› ብለው አብረውን ተቀመጡ።»

«ሙሽራዋስ?»

«ከፀጉር ቤት የመጣችው ሻዩን ስንጨርስ ነው። ዘፈኑ ጨርሶ ሲቆም ልታየው ገባች፤ ወዲያው ጮኸች።»

አጎትየው የባንዱን ኮት እንደለበሱ ነበሩ። «ያ ቁልፍ ነካኪ!» አሉ። «ሲጫወት ነው ትቼው የወጣሁት። ነፍስ ይማር፤ ግን እሱ ሙዚቀኛ ነው?»

መርማሪዋ ሁሉንም መድረኩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ዲጄ ጸጥታን አይወድም» ብላ ጀመረች። «አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላውን ያስገባል፤ ይሄኛውም ሲያረፍድ ያደረገው ይህንኑ ነው። ታዲያ በዘፈኖቹ መሃል ጭጭ ማለት ሲጀምር ማን ነበር የሚያጫውተው? ማንም! ማሽኑ ብቻውን ነበር። ልጁ ሞቷል። ያኔ ሙሽራዋ ፀጉር ቤት ናት። እነዚህ ሁለቱ ግቢ ውስጥ አብረው ናቸው። ከአዳራሹ የመጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ‹እየሞከረ ነው› አለ። ልጁ በሕይወት ያለ እንዲመስል ዘፈኖች ደርድሮ ከፍቶ የወጣው እሱ ነው። ጸጥታው ግን አሳበቀበት። ስህተት መሆኑን እንኳ አላወቀም።»

«ምን ስህተት አለው?» አጎትየው ብድግ አሉ። «ዘፈን ሲያልቅ ሰው አያጨበጭብም እንዴ?!»

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ለባንድ ነዋ፣ ጋሼ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

አጎትየው ተመልሰው ተቀመጡ። «ዕቃህን ሰብስብ አልኩት፤ ሳቀብኝ። ገፋሁት። እንዲሞት ብዬ አልነበረም። የሰውን ሁሉ ልጅ ድሬ፣ የወንድሜን ልጅ ሠርግ ሳልጫወት ልቅር?»

«እኔ ልታሰር ስል ዝም አልክ?» አለች ሙሽራዋ። መድረኩ ላይ ወጥታ ሦስተኛውን ወንበር እየጎተተች አመጣችና ፊታቸው ደቀነችው።

«ይሄ የማን ይመስልሃል? አባቴ የለም። አንተ ደግሞ በሰው ሠርግ ሁሉ ቆመህ ነው የምትውለው። በእኔ ሠርግ እንኳ አባት ሆነህ አጠገቤ እንድትቀመጥ ነው ዲጄ የቀጠርኩት!»

አጎትየው ወንበሩን እያዩ ሁለት እጃቸውን ለፖሊሱ ዘረጉ።

ሙሽራዋ ግን አላለቀሰችም። «መጀመሪያ ልጁን እንቀብራለን» አለች። «ሠርጉ ይቆያል እንጂ አይቀርም። ያኔም ዲጄ እቀጥራለሁ። ይሄንን ወንበር ማንም እንዳያነሳው።»