ወገቤን ያመመኝ ሰሞን

አባዬ በሞተ በአምስተኛው እሁድ ታመምኩ ብዬ ተመዘገብኩ። ምንም አልነበረኝም። ጤናዬ እንደ ብረት ነው፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ መጽሐፍ ስጠርዝ የምውል ሰው ነኝ።

የጉባኤያችን አዳራሽ በር ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ላይ መዝገብ። የታመመ ሰው ስሙና ሕመሙ እዚያ ይጻፋል፤ ከአምልኮ በኋላ የጉብኝት አገልጋዮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጸልዩለታል። አባዬ አልጋ ላይ በዋለባቸው ሁለት ዓመታት ስሙ ከዚያ መዝገብ ወጥቶ አያውቅም። በየእሁዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራችን ይንኳኳል። የሚመጡት አንድ የጉባኤው ሽማግሌና አንድ መስታወት ቆራጭ ነበሩ።

ሽማግሌው ጸልየው ሲያበቁ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋሉ። መስታወት ቆራጩ የጠዋቱን ስብከት ለአባዬ ይነግረዋል።

«ቅርፊቱን ተወውና ፍሬውን ስጠኝ» ይለዋል አባዬ።

«ፍሬዋ እንኳ ትንሽ ነበረች አባባ። ዛሬ መጋቢው ያመጡት ቅርፊት ነው የበዛው።»

አባዬ ሲስቅ ያስለዋል። እኔ የኩሽናው በር ላይ ቆሜ የሰውየውን ጣቶች አያለሁ፤ ሁሌም አንዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ነው። ሲወጣ «ደህና ሰንብቺ እህቴ» ይለኛል፤ ከዚያ ለመሄድ ትንሽ ይዘገያል። እኔም በሩን ለመዝጋት ትንሽ እዘገያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

አባዬ ሞተ። ሊያጽናና የመጣው ሁሉ ሳምንት ሳይሞላ ወደየጉዳዩ ተመለሰ፤ አልፈርድም፣ ሁሉም የራሱ ኑሮ አለው። እኔን የጎዳኝ እሁድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ሳላስበው ተነስቼ ሁለቱን ወንበሮች ወደ አልጋው አስጠጋለሁ። ከዚያ ባዶውን አልጋ እያየሁ እቀመጣለሁ። አራት እሁድ እንዲህ አለፈ። ቤቱ ውስጥ የራሴ ድምፅ እንኳ እንግዳ ሆነብኝ።

በአምስተኛው እሁድ መዝገቡ ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ ከጎኑ «ወገብ» አልኩ። ወገብን ማንም ገልጦ አያየውም።

ከሰዓት በኋላ ቤቱን ጠርጌ፣ ሰማያዊ ቀሚሴን ተኩሼ ለብሼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ተኛሁ። እንዲህ አምሮበት የተኛ በሽተኛ ታይቶ አይታወቅም። በሩ ሲንኳኳ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ።

«እህታችን፣ አለሽ?»

መስታወት ቆራጩ አልነበረም። ጉባኤው በሙሉ «ጡሩንባ» የሚላቸው እናት ነበሩ፤ ሲጸልዩ ጎረቤት አሜን የሚልላቸው። አብራቸው አንዲት ዘማሪ ነበረች። ለካ ወንድ በሽተኛን ወንዶች፣ ሴት በሽተኛን ሴቶች ናቸው የሚጎበኙት። ይህን የማያውቅ ሰው በጉባኤው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

«በሆድሽ ተኚ» አሉኝ እማማ ጡሩንባ። እንደ እሳት የሚያቃጥል ቅባት ወገቤ ላይ አሹልኝ። «የሚቀጥለው እሁድም እንዳትነሺ። እኛው እንመጣለን።»

«እኔኮ ያን ያህል እንኳ…»

«ወገብ ተንቆ አይታለፍም ልጄ።»

የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ ይባል የለ? በሚቀጥለው እሁድ ጉባኤው ሁሉ አዳራሽ ሲሰበሰብ እኔ በሽተኛ ነኝና ቤት ቀረሁ። የመዝሙሩ ድምፅ በነፋስ እየተቆራረጠ በመስኮቱ ይገባል። ሰው ፍለጋ ዋሽቼ የነበረኝንም ሰው አጣሁ። ትራሱ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ አለቀስኩ።

ከተመዘገብኩ በሦስተኛው እሁድ አላስችል አለኝ፤ ሄጄ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እማማ ጡሩንባ ተነሱ። እሳቸው ማይክሮፎን አያስፈልጋቸውም።

«በወገብ ሕመም ተኝታ የነበረችው እህታችን ይኸው በእግሯ መጥታለች። ትነሳና ትመስክር።»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ እያለ እኔ ጋ ደረሰ። መስታወት ቆራጩ በሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ነበር፤ እሱም ዞሯል። «ተፈወስኩ» ማለት አንድ ቃል ነው፤ አሜን ይባላል፣ እቀመጣለሁ። ግን እፊቱ ቆሜ ይህን ከዋሸሁ ዳግም ቀና ብዬ ላየው አልችልም። እውነቱን ብናገር ደግሞ እሱ ላያየኝ ይችላል።

«ወገቤን አላመመኝም» አልኩ። ድምፄ በድምፅ ማጉያው ተመልሶ መጣብኝ። «ደህና ነበርኩ። አባዬ ከሞተ ወዲህ እሁድ ከሰዓት በሬን የሚያንኳኳ የለም። ሰው እንዲመጣልኝ ብዬ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አሜን ያለ የለም። እማማ ጡሩንባ እንኳ ድምፃቸው ጠፋ። ማይክሮፎኑን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

የግቢው በር ላይ ስደርስ ከኋላዬ የሰው ኮቴ ሰማሁ።

«ማን እንዲመጣ ነበር?» አለ መስታወት ቆራጩ። ያለከልካል።

«አሁን ይሄ ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል።»

የበሩን መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ገፋሁት። እሱም አልቸኮለም።

«እማማ ጡሩንባ አልነበሩም» አልኩት በመጨረሻ።

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ስንት እሁድ በርሽ ድረስ መጥቼ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ» አለ። «ለበሽተኛው ሲመጣ የነበረው ለካ ለልጅቷ ኖሯል እንዳይሉ ፈራሁ።»

«ነበር እንዴ?»

«መጀመሪያ ላይ አልነበረም።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ።

«እኔ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ፣ አንተ ውጭ ቆመህ?»

«አዎ። ሞኝ ነኝ።» የተጠቀለለውን ጣቱን በሌላው እጁ ያሻል። «አባትሽ ቢኖሩ እሳቸውን እጠይቅ ነበር። አሁን ማንን እንደምጠይቅ ግራ ገባኝ።»

አጎት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ቤተሰቤ በሙሉ እኔው ነበርኩ፤ እዚያ በር ላይ ቆሜ እንባዬን በመዳፌ የምጠርገው።

«ከቤቱ የቀረሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «እኔን ጠይቀኝ።»

ጠየቀኝ።