ክንፉ የት ይቁም?

«ፌስቡኬን ደግሞ ማን አጠፋው?» አለች የወይንሐረግ፣ ስልኳን እያገላበጠች።

«እኔ ነኝ እማ፣ ስልክሽ ሞልቶ ነው» አለች ማራኪ። ቀና ሳትል፣ ከካርቶን የሠራችው የነፋስ ወፍጮ ክንፍ ላይ ጨርቅ ማጣበቋን ቀጠለች። ነገ ትምህርት ቤት ፎርትራግ አለባት፤ ክፍሉ ፊት ቆማ ስለ ኔዘርላንድ የድሮ ወፍጮዎች ታስረዳለች።

ውሸቱ የጀመረው ማክሰኞ ነው። የእናቷ ወንድም ሀብተወልድ ከጄኔቫ ደውሎ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ «አያትሽ አረፉ» አላት። «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ብቻዋን መስማት የለባትም። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ይዤ ዙሪክ እመጣለሁ። እስከዚያ ፌስቡክ ላይ እንዳታይ ስልኳን ጠብቂ።» እዚህ አገር መርዶ እንኳ ቅዳሜን ይጠብቃል፤ በሥራ ቀን ማን ፈቃድ ያገኛል? ዛሬ ሐሙስ ነው። ማራኪ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ ብሏታል።

«እስቲ አሰሚኝ» አለች የወይንሐረግ። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ቆማ የዋለችበትን እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላዋለች።

«አገሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃው ሁልጊዜ ይገባል» ብላ ጀመረች ማራኪ። «አንዱ ወፍጮ ውሃውን ትንሽ ከፍ ያደርግና ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ ያም ለሌላው፤ እንዲህ እያለ ከግድቡ አልፎ ወንዝ ይገባል። ነፋስ ከሌለ ወፍጮው ይቆማል፤ ውሃው ይመለሳል።»

«እህል አይፈጭም?»

«ይኼኛው ሥራው ውሃ ብቻ ነው። ሲቆም ደግሞ በክንፉ ወሬ ይናገሩበት ነበር። ክንፉ ታች ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ካቆሙት ደስታ ነው፤ ሠርግ ምናምን። ታች ደርሶ ትንሽ ካለፈ ግን...»

«ካለፈስ?»

«ሰው ሞቷል ማለት ነው። አገሩ ሁሉ ከሩቅ አይቶ ያውቃል።»

የወይንሐረግ እግሯን ከወንበሩ አወረደች። «የእነሱ ይሻላል። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ ብቻ ሳላውቅ አራት ቀን ስስቅ ከረምኩ። ሁሉም ያውቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው።» ከዚያ ወደ ካርቶኑ ጠጋ ብላ ፈገግ አለች። «በይ ፎቶ አንሺና ለአያትሽ፣ ለአባዬ ላኪለት። ሰሞኑን ጠበል ሄዷል ይሉኛል፤ ሲመለስ ያየዋል። ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ነው፣ ደስ ይለዋል። ክንፉን የደስታው ላይ አቁሚለት።»

ማራኪ ክንፉን ያዘች። ቅዳሜ በሩ ይንኳኳል፤ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ይገባሉ። እናቷ ያን ጊዜ ዞራ የምታየው እሷን ነው፤ የራሷን የዛሬ ፈገግታም ታስታውሳለች። አጎቷ እንደሚቆጣ ታውቃለች። በጣም ፈርታለች።

ክንፉን ቀስ አድርጋ ወደ ታች አመጣችው። ከዚያም ትንሽ አሳለፈችው።

«እንዲያ አይደለም፣ የደስታው...» አለችና የወይንሐረግ ቀሪውን ሳትጨርስ የልጇን ፊት አየች።

ማራኪ ወንበሯን አስጠግታ የእናቷን እጅ ያዘች።