እሑድ የታጠበው ልብስ

ልብስ ሰፊዋ ከደረጃ ወድቃ ወገቧን ከተጎዳች ወዲህ ሁለት ነገሮች አብረዋት ይኖራሉ፤ ሕመምና ድካም። ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳታል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነቷ በማግስቱ ይዝላል፤ የዛለው ወገቧ ደግሞ ብሶበት ያድራል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነገሩን ለመከታተል ደብተር ሰጠቻት። ሕመም ከዜሮ እስከ አሥር፣ ድካም ከዜሮ እስከ አሥር፣ ከጎኑ የዕለቱ ሥራ ይጻፍበታል።

ፖስተኛውን ያገኘችው በፊዚዮቴራፒው መለማመጃ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን የመልመጃ ኳሱ አምልጦት ተንከባለለና እግሯ ሥር ቆመ።

«ካላስቸገርኩ ያነሱልኛል?»

«ጎንበስ ማለት ብችል እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«እኔም ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ ነው የመጣሁት» አለ። ሁለቱም ኳሱን እያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ሳቁ።

«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ለመለወጥ ሁለት ሳምንት አልፈጀም። ፖስተኛው ጉልበቱ ሲሻለው እሑድ እሑድ እየመጣ ይወስዳት ጀመር። ድልድዩን ተሻግረው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ በወንዙ ዳር ይመለሳሉ። መንገድ ላይ አንዴም ደከመኝ ብላ አታውቅም። ዕድሜውን በእግሩ የኖረ ሰው በየመቶ እርምጃው የምትቀመጥ ሴት ምን ታደርግለታለች ብላ ፈርታለች።

ሰኞ ግን ከአልጋ መነሳት ያቅታታል። ሕመም ስምንት፣ ድካም ዘጠኝ። እውነቱን ብትጽፍ ባለሙያዋ እሑድን ልትከለክላት ነው። ስለዚህ ከእሑድ ጎን በየሳምንቱ አንድ ነገር ጻፈች፤ «ልብስ አጠብኩ።»

«በቃ፣ ልብስ ማጠብ አቁሚ» አለቻት ባለሙያዋ። እሺ አለች። በሚቀጥለው ሰኞም ድካም ዘጠኝ። ባለሙያዋ ግራ ቢገባት የልብስ ሰፊዋን ታላቅ እህት አስጠራች።

«ይህችን ልጅ ሰኞ ሰኞ እስክትዝል ድረስ ለምን ልብስ ያሳጥቧታል?»

እህትየው ዓይኗን አፈጠጠች። «እሷን? ስድስት ወር ሙሉ ሳፋ በእጇ አልነካችም! የሷን ቀሚስ ጭምር የማጥበው እኔ ነኝ። ወገቤ ተቆርጧል፤ ለኔም ደብተር ይስጡኝ!»

«እሑድ ታዲያ ምን ስትሠራ ትውላለች?»

«ከፖስተኛው ጋር ከተማውን ስታስስ ነዋ!»

ከመጋረጃው ወዲያ ሲጢጥ ሲል የነበረው የመለማመጃ ብስክሌት ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ከእህቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ማን እንደተቀመጠበት ታውቃለች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው ወርዶ ሲወጣ ሰማች።

ሳምንቱን ሙሉ የፖስተኛው ድምፅ ጠፋ። እሷም አለቀ ብላ ልትፈልገው አልሄደችም። እሑድ ጠዋት ፀጉሯን እንኳ አላበጠረችም። በሩ ሲንኳኳ ሄዳ ከፈተች። ፖስተኛው ታጣፊ ወንበር በብብቱ ይዞ ቆሟል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መራመድ ትወዳለህ ብዬ።»

«እኔ? በሥራ ቀን ስዞር የምውለው አንሶኝ ነው? አንቺ የምትወጂ መስሎኝ እኮ ነው! ጉልበቴ እሑድ ማታ አብጦ ያድራል፤ ሰኞ ደብዳቤ የማድለው እያነከስኩ ነው። ተሻለኝ ካልኩ በኋላ ያንን ብስክሌት ለምን የምገፋ ይመስልሻል?»

አየችው፤ አያት። ማን ቀድሞ እንደሳቀ አይታወቅም፤ እህትየው ግን ከጓሮ «ምን ተገኘ?» እያለች መጣች።

ወንበሩን በሩ ላይ ዘረጋላትና እሱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እስከ ማታ ከዚያ አልተነቃነቁም። ሲደክማት ዝም ትላለች፤ እሱም አብሮ ዝም ይላል። ሊሄድ ሲነሳ ወንበሩን አጥፎ በእጁ እንደያዘ ቆመ።

«እዚሁ ልተወው?»

የጠየቃት ስለ ወንበሩ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል።

«ተወው» አለችው።

ሰኞ ደብተሯን ገለጠች። ሕመም ሰባት፤ እሱ እንደሆነ የትም አልሄደም። ድካም ሦስት። ከእሑድ ጎን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ጻፈች፤ «ተቀመጥን።»