የያሬም ለምድ

ገሞድ የተባለው እባብ የዝናቡን ዕንቁ ከወርዘሚት ቤተ መንግሥት ሰርቆ ጉድጓዱ ካስገባ ወዲህ ሰማዩ እንደ ሸክላ ደረቀ። ወጣቱ ያሬም፣ «ዕንቁውን ሳላስመልስ ብቀር የጠባሁት ጡት ይፍረድብኝ!» ብሎ ማለ። ንጉሡም አንገትጌው የሙጭልጭላ ቆዳ የሆነውን የጀግና ለምድ አለበሱት። «ይህን ለምድ ከነአንገትጌው ለብሶ ያልተመለሰ ከዳተኛ ነው፤ ደጄን አይረግጥም» አሉ። ሕጉ የአባቶቻቸው ነበር።

ያሬም ደኑን አቋርጦ የገሞድ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲደርስ ጦሩ ተሰብሮ፣ እግሩ ቆስሎ ነበር። ጉድጓዱ ደግሞ ከክንዱ አይሰፋም። ተዘርፍጦ ተቀመጠ።

«ምነው ልጄ፣ ከእኔ ከአሮጊቷ ቀድመህ አረጀህ?» አሉት አብረውት የመጡት መንገድ መሪዋ እማማ ሎዛ።

«ደከመኝ፣ እማማ። እንኳን እባብ፣ ዝንብ እሽ የምልበት አቅም የለኝም።»

«እንግዲያው ጉድጓዱ የሚበቃትን እንጥራ» ብለው አፏጩ።

ከዛፉ ሥር አንዲት ሙጭልጭላ ብቅ አለች። እንደ ገመድ የቀጠነች፣ ጀርባዋ ቀይ ቡናማ፣ በነጣ ሆዷ ላይ ጥቁር መስመር የወረደባት ነበረች።

«እመቤቴ፣ አገሬ በጥም አለቀች። ገሞድን ግደይልን» ሲል ያሬም ለመናት።

«ወገኖቼ እባቡን ገና በእንቁላሉ ይበሉት ነበር» አለች። «ጀግኖቻችሁ ለአንገትጌ ሲጨርሱን ማን ይብላው? ትከሻህ ላይ ያለችው እናቴ ናት።»

ያሬም አንገትጌውን ገልብጦ አየ። ያው ጥቁር መስመር አለበት። ወርዘሚት በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው የራሱ እናት ትዝ አለችው። ከዚያም በተሰበረው ጦር መሬቱን ቆፍሮ ለምዱን ከነአንገትጌው ቀበረ።

ሙጭልጭላዋ አፈሩን አሽትታ ወደ ጉድጓዱ ገባች። ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ዛፎቹ አቃሰቱ። ሁሉም ጸጥ ሲል አንድ ጆሮዋ ተቀዶ፣ ዕንቁውን በአፍንጫዋ እየገፋች ወጣች። ዞር ብላ ሳታየው ጫካው ውስጥ ጠፋች።

ወርዘሚት ሲደርሱ በረኛው፣ «ለምድህስ?» አለ።

«ቀበርኩት።»

«እንግዲያ እዚያው ቁም።»

እማማ ሎዛ ሊቆጡ ሲሉ ያሬም ዕንቁውን በእጃቸው አኖረ። «ይግቡ፣ እማማ። ሙጭልጭላ ዳግመኛ እንዳይታደን ለንጉሡ ይንገሩልኝ። እኔ የምከራከርበት ጉልበት የለኝም።»

እሳቸው ገቡ፤ በሩም ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ወረደ። ከቅጥሩ ውስጥ እልልታው ቀለጠ፤ ያሬም ግን ግንቡን ተደግፎ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

በሩ ገርበብ ሲል እናቱ ብቻዋን ወጣች። ጭቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«በርዶሃል» አለችው። የጋቢዋን ግማሽ አለበሰችውና ክንዷን ትከሻው ላይ አሳረፈች።