ሁለት መቶ ሜትር ወደ ሰሜን

ፍላሹ ቅቤው ውስጥ ነበር።

ማሬ ቅቤውን በኮባ ጠቅልላ የነቀምቴን ገበያ ሰነጠቀችው። የምስጢር ስሟ «ጉሬዛ» ነው። እዚያው ከተማ ጨለለቂ ሰፈር ካለው የውሃ አሻጊ ድርጅት ግቢ ስድስት ወር ወጥ ሠርታለች። ወጧ ከመጣፈጡ የተነሳ ዘበኛው የራሱን ጣት ነክሶ ተሰፍቷል። ማን ይጠርጥራት?

ኡኬ አጠገብ ያለው የመንደሯ ጉድጓድ ደርቋል። ልጆች የኩሬ ውሃ ጠጥተው እየወደቁ ነው። መንግሥት ወደ መንደሩ የላከው መቆፈሪያ መኪና ዛሬ ማምሻውን ተመልሶ ይሄዳል። ውሃው ከመሬት በታች የት እንዳለ የሚያሳየው ካርታ ግን በድርጅቱ እጅ ነበር፤ ማሬ ፍላሹ ላይ ገልብጣዋለች።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ? እንዴት አደርሽ?» አላት አንድ ገዢ። «ቅቤው የየት ነው?»

«የኡኬ።»

«በጣሳ ነው በባልዲ?»

«በባልዲ።»

ምልክቱ ልክ ነው። ተቀባዩ ገለታ፣ የመንደሩ መምህር፣ ቅቤውን ወሰደ። ዓይኗን ግን አላየም።

ከኋላው የድርጅቱ የጥበቃ ኃላፊ ነብዩ ብቅ አለ።

ገለታ ሸጧታል።

«ወጥሽ ይናፍቀኛል» አለ ነብዩ፣ ፍላሹን ከቅቤው እየፈለቀቀ። «ካርታው ያሳየው ነጥብ ላይ ዛሬውኑ መቆፈሪያችንን እንተክላለን። ቀድሞ የቆፈረ ባለውሃ ነው።»

ክንዷን ያዘ። የቀረውን ቅቤ ዓይኑ ላይ ለጠፈችው።

ሮጠች።

ባኬ ጃማ ሰፈር ስትደርስ ባጃጅ ውስጥ አጎንብሳ አባቷ ጋ ደወለች።

«አባየ! ካርታውን ቀሙኝ። ግን ስማኝ። የድርጅቱ የካርታ ባለሙያ እስክንድር ምሳ በበላ ቁጥር ይለፈልፍ ነበር፤ የነጥቡ ቁጥር በድሮ ካርታ ልክ ነው፣ እንዳለ ጂፒኤስ ላይ ከከተቱት ሁለት መቶ ሜትር ወደ ደቡብ ያስታል ይል ነበር። ከእኔ በቀር የሰማው የለም። እነሱ ቁጥሩ የሚያሳየው የመንደራችን ዋርካ ሥር ይተክላሉ። እናንተ ከዋርካው ሁለት መቶ ሜትር ወደ ሰሜን!»

አባቷ ዋለ ከዋርካው ወደ ሰሜን በዓይኑ ለካ።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ቤታችን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከወሎ በመጣን ጊዜ እናትሽ ጭቃውን በእግሯ እያቦካች ያቆመችው ነው። ሌላ ምን ቀረኝ ከሷ?»

«አፍርሱት፣ አባየ። መኪናው ሳይሄድ።»

ድርጅቱ ዋርካው ሥር ድንጋይና አቧራ አወጣ። ውሃው የፈነዳው የመንግሥቱ መኪና በቆፈረው፣ የእነማሬ ምድጃ በነበረበት ላይ ነው። ዋለ ከዚያ ወዲህ ሸራ ሥር ያድራል። ነብዩ መንደሩን ያስጠብቃል፤ ማሬ ዝር ማለት አትችልም።

ጊምቢ ከተማ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሾፌር ጠረጴዛውን ይደበድባል።

«ጉሬዛ የሚሉት ሰላይ ጢሙ እምብርቱ ይደርሳል! ውሃውን በከዘራ መትቶ ነው ያወጣው!»

«አንተ ደግሞ! አይተኸዋል?»

«አብረን በልተናል ስልህ!»

በሌላ ስም የተቀጠረችው አስተናጋጅ ጆግ ይዛ ቀረበች።

«ውሃ ልጨምርልህ?»