ቢላን የገነባችው ፈላጊ

ኢንስፔክተር ሰገል ከባጃጅ ወርዳ ወደ ቀለም ፋብሪካው መዝገብ ቤት ስትገባ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቢላን ጃማዕ ከመደርደሪያው መሰላል ሥር በጀርባዋ ተዘርግታ ነበር። ከራሷ የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ደርቋል። ሁለት እርምጃ ርቆ ኮምፒውተሯ እንደበራ ነው።

«ወድቃ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ዒብራሂም ላቡን እየጠረገ። «አቦ፣ ስንቴ ተጠንቀቂ ብያታለሁ!»

ሐኪሙ ግን ሰገልን ወደ ጎን ጠራት። «መውደቁንስ ወድቃለች። ግን ወዲያው አልሞተችም። አንድ ሰዓት ያህል ትንፋሽ ነበራት። ሰው ቢደርስላት ትተርፍ ነበር።»

ሰገል ቃሉን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና በሩን ልታይ ሄደች።

ድሬ ላይ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ወደ ቤቱ ያስገባል፤ ፋብሪካውም ያን ጊዜ ይዘጋል። የመዝገብ ቤቱ በር አልተሰበረም። ከቢላን ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ዒብራሂም፣ የፋብሪካው ነርስ ዋርሳን እና የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ የሺመቤት።

ሬሳውን ያገኘው ዋርሳን ነበር። «ለምን ወደ ቤቷ አልሄደችም?» ስትል ሰገል ጠየቀችው።

«ፕሮግራሟን እየጠበቀች ነዋ። የፋብሪካውን ፋይል ሁሉ የሚበረብር ነገር ነው። የአንድ ሠራተኛ ስም ብትጽፊ፣ ስሙ ያለበትን ሁሉ ያወጣልሻል።»

«ተገዝቶ ነው?»

«ወላሂ፣ ለኛ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን አልተገኘም። ኮዱን በነፃ አውርዳ ራሷ ነው የገነባችው። አንዱ ሲሟላ ሌላው እየጎደለባት ሳምንት ለፋች። ዛሬ ጠዋት ሦስታችንንም ሰብስባ፣ የትኛው ፎልደር እንደሚፈለግና የትኛው እንደሚዘለል የት እንደሚጻፍ አሳየችን። የቀረውን ኮምፒውተሩ ራሱ ገንብቶ ለመጨረስ ምሳ ሰዓቱን ይፈጃል ስትል ትተናት ወጣን።»

«ምን ልትፈልግበት ነበር?»

ዋርሳን ዐይኑን ሰበረ። «አባቷ እዚሁ ቀለም መቀላቀያው ክፍል ይሠራ ነበር። አምና ሞተ። ምን እንደገደለው ማወቅ ፈልጋ ነበር።»

የሺመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር። «ልጄ ነበረች። አባቷ ሲሞት እዚህ ያስቀጠርኋት እኔ ነኝ።»

«ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበሩ፣ እትዬ የሺ?»

«ቤቴ ጋደም ብዬ።»

ሁለቱም ወንዶች ያንኑ አሉ። ሰገል ሦስቱንም ወረቀት ሰጥታ፣ ያዩትን ሁሉ፣ ቢላን የሕክምና ርዳታ አግኝታ እንደሆነም ጭምር፣ በእጃቸው አጽፋ ተቀበለች።

ከዚያ የፖሊስ ጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ቦና ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። «ግንባታው ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ አልቋል» አላት። «የቀረው አንድ ትእዛዝ ጽፎ መጫን ብቻ ነበር። አልተጻፈም። ግን ይኸውልሽ፣ የሴቲንጉ ፋይል ሰባት ከሃያ ላይ ተነክቷል። ከሚዘለሉት ውስጥ አንድ መስመር ተጨምሯል።»

መስመሩ ‹ሕክምና 2014› ይላል። ፎልደሩ ራሱ ግን ‹ህክምና 2014› ነው የሚባለው። ሰገል ሁለቱን ስሞች ደጋግማ አየቻቸው፤ ከዚያም ፎልደሩን ከፈተችው።

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሳምንት ሙሉ የለፋች ልጅ ሥራዋ ሲያልቅ ዝም ብላ አታየውም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ሰባት ከአምስት ሳይሆን በፊት ቢላን ወድቃለች። በሰባት ከሃያ ግን አንድ ሰው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ጽፏል። እሷ ከእግሩ ሥር ገና ትተነፍስ ነበር።»

ዋርሳን ግድግዳውን ተደገፈ።

«ያ ሰው ፎልደሩን መሰረዝ አይችልም፤ ቢላን ሁሉንም እንዳይሰረዝ ቆልፋዋለች። ስለዚህ ሌላ ሰው ፕሮግራሙን ቢጨርሰው እንኳ እንዳያገኘው በሚዘለሉት ውስጥ ጻፈው። ፎልደሩ የተሰየመው በሃሌታው ሀ ነው። የተጨመረው መስመር ግን በሐመሩ ሐ ተጽፏል። ሲነበብ አንድ ነው፤ ለማሽኑ ሁለት ነው። በኪቦርድ ደግሞ ሐመሩን ለማምጣት ሌላ ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በስሕተት አይመጣም።» ሦስቱን ወረቀቶች ዘረጋች። «ዒብራሂም ‹ህክምና›፣ ‹ስራ› ብለሃል። ዋርሳንም እንደዚያው። ‹ሕክምና›፣ ‹ሥራ›፣ ‹ዓመት› ብሎ ፊደል የሚጠብቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። እትዬ የሺ፣ እርስዎ ነዎት።»

የሺመቤት አልካደችም። «በ2014ቱ ምርመራ ሠላሳ አንድ ሰው ደሙ ውስጥ ከቀለሙ የገባ የእርሳስ መርዝ ተገኝቶበት ነበር። ጃማዕም አለበት። ‹ሁላችሁም ደኅና ናችሁ› የሚለውን ደብዳቤ ጽፌ ማኅተም የመታሁት እኔ ነኝ። ትናንት ያን ፎልደር እለፊው ብዬ ልለምናት ተመለስሁ። መሰላሉ ላይ እንዳለች ‹ለምን?› አለችኝ። ምክንያቱን ከፊቴ ላይ አነበበችው። ልትወርድ ስትል መሰላሉን ገፋሁት።»

«ቦና ዛሬ ጠዋት የቢላንን ፕሮግራም ጨረሰው» አለች ሰገል ቀስ ብላ። «‹ጃማዕ› ብለን ፈለግን። ከዚያ ፎልደር አንድም ነገር አላመጣም። የደም ውጤቱ በስካነር የተነሣ ፎቶ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያነበው ጽሑፍ ብቻ ነው። ፎቶ የሚያነብለትን ረዳት ፕሮግራም ቢላን ገና አልጨመረችለትም። ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ አታገኘውም ነበር። እኔም እርስዎ የጻፉትን መስመር ባላይ ኖሮ ፎልደሩን አልከፍተውም ነበር።»

የሺመቤት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ደብዳቤውን ጻፊ ያለኝ እሱ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ዒብራሂም ሳታይ።

ዒብራሂም ከወንበሩ ተነሣ። «በየትኛው ወረቀት ነው ያዘዝኋት? ፈልጉታ። መፈለጊያ አላችሁ አይደል?»

ቦና እስከ ማታ ፈለገ። ትእዛዙ በአፍ ነበር፤ አልተገኘም። ዒብራሂም በማግስቱ ሥራ ገባ።

ሰገል የሠላሳ አንዱን ስም ዝርዝር ይዛ ጣቢያ ተመለሰች። ማንም አልነገራቸውም፤ ስለዚህ ራሷ መደወል ጀመረች። የመጀመሪያው ስልክ አልተነሣም። ሁለተኛውን አንዲት ሴት አነሣችው።

«ዐብዲቃድር ዋሪዮን ፈልጌ ነበር። ስለ ጤናው።»

«እሱ እኮ ከሞተ ዓመት አለፈው» አለቻት ሴትዮዋ። «አሁን ነው የምትጠይቁት?»