ቀድሞኝ ኦስሎ የደረሰው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ጫማዬን አጥልቄ ከቤት የምወጣ ሰው ነኝ፣ ልጆች ሳለን እንኳ እህቴ ጽጌ ጓሮ ኮሽታ ሰማሁ ብላ ስትንቀጠቀጥ ድመት ነው ብዬ ባትሪ ይዤ የምወጣው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ አላምንም ነበር፣ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየምም።

የምኖረው ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ነው፣ እዚያው ከተማ ኢቶቢኮ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ እነዳለሁ። ጽጌ ደግሞ ኦስሎ ናት። አባታችን ሲሞት የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበርና ለቀብሩ ሳልሄድ ቀረሁ፣ እሷ አገር ቤት ሄዳ ብቻዋን ቀበረችው፣ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። በፈረንጆቹ 2016 ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከሺፍት ስወጣ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ኮል አደረግኩላትና ልመጣ ነው አልኳት። «ና» አለችኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ትኬት የቆረጥኩት ርካሽ ከሚባሉት አየር መንገዶች በአንዱ ነው፣ ውሃው በሽያጭ፣ ብርድ ልብሱ በሽያጭ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ አይልም፣ ጉልበቴ የፊተኛውን ሰውዬ ወገብ እየወጋ እንደምንም አይስላንድ ደረስን። እዚያ አውሮፕላኑ ተበላሽቷል ተባለና አንድ ቀን ሙሉ ኤርፖርት ወለል ላይ ተጋደምኩ፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፣ ቻርጀሩን ቶሮንቶ ረስቼዋለሁ፣ ስለዚህ ለጽጌ መዘግየቴን የምነግርበት መንገድ አልነበረኝም።

ኦስሎ የገባሁት በማግስቱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ማታ ስላችሁ ጨለማ እንዳይመስላችሁ፣ ፀሐይዋ እንደ እኛ አገር የአሥር ሰዓት ፀሐይ ናት። ከተማው ንጹሕ ነው፣ ቆንጆም ነው፣ ግን ዝም ያለ ነው፣ ትራሙ እንኳ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስላል፣ ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ፣ በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ሰው ከሚጠፋ ጨለማ ይሻላል፣ እመኑኝ። ከባቡር ጣቢያው ደረጃ ስወርድ የሻንጣዬ አንድ ጎማ ተሰበረ፣ ከዚያ በኋላ ቀጭ-ቋ፣ ቀጭ-ቋ እያለ መንገዱን ሁሉ አጀበኝ።

ወረቀት ላይ የጻፍኩትን አድራሻ ለሰው እያሳየሁ ደረስኩ። ጽጌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሯን ከፍታ አየችኝ፣ አላቀፈችኝም፣ ከኋላዬ ያለውን ደረጃ ነው ያየችው፣ ከዚያ እጄን ነካ አድርጋ «አሁንስ አንተው ነህ?» አለችኝ።

ገብቼ ስቀመጥ ነገረችኝ። ትናንት፣ እመጣለሁ ባልኩበት ሰዓት፣ የታችኛው በር ሲከፈት ሰምታለች፣ ሻንጣ በደረጃው ሲጎተት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፍ ሲል፣ እኔ ሁሌም ጉሮሮዬን ሁለቴ ጠረግ የማደርጋትን ነገር፣ እሷንም ሰምታለች፣ ሮጣ ስትከፍት ማንም የለም። «በሩ ጋ እስክደርስ ይቅር ብዬህ ነበር» አለችኝ፣ «ባዶውን ሳይ ግን ሞቷል ብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።» እኔም አለቀስኩ፣ ስለ አባታችን አራት ዓመት ያልተባባልነውን ሁሉ ያን ማታ ተባባልን። ሰማሁ ያልሽው የናፍቆት ነገር ነው አልኳት፣ ልትስማማም ምንም አልቀራት፣ ብቻ ሻንጣዬን ትንሽ ጎተት አደረገችውና «እንደዚህ ነበር የሚለው» አለች። ጎማው የተሰበረው እኮ ትናንት ሳይሆን ያን ማታ፣ ከባቡር ጣቢያው ስወጣ ነው።

በማግስቱ ከታች የሚኖሩ አንዲት ኖርዌጂያዊት አሮጊት ደረጃው ላይ አገኘን፣ ጽጌ ወንድሜ ነው ብላ አስተዋወቀችን፣ እሳቸውም በእንግሊዝኛ፣ አዎ፣ ከትናንት ወዲያ ሲመጣ ሰምቼዋለሁ አሉ። የመጣሁት ትናንት ነው ስላቸው ምንም አልደነቃቸውም፣ «እኛ አገር አንዳንድ ሰው ከመድረሱ በፊት ድምፁ ይደርሳል፣ እናቴ ድንች የምትጥደው ያን የአባቴን ኮቴ ስትሰማ ነበር፣ ክፉ ነገር አይደለም» አሉኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ፀሐዩ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ፣ ከጽጌ ጋር ቁርስ እየበላን ነበር። የታችኛው በር ተከፈተ። ቀጭ-ቋ። ዞር ብዬ ሻንጣዬን አየሁት፣ ሶፋው አጠገብ እንደቆመ ነው። ቀጭ-ቋ፣ ቀጭ-ቋ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፍ አለ፣ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። ሰው የራሱን ድምፅ ከበር ማዶ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ልነግራችሁ አልችልም፣ እኔ ያደረግኩት የራሴን ጉሮሮ መንካት ነው። መጥቶ በራችን ላይ ቆመ፣ አላንኳኳም። ልነሳ ስል ጽጌ ክንዴን ያዘችኝ።

«አትክፈት» አለች በሹክሹክታ።

«ማን እንደሆነ ልይ እንጂ።»

«ማን እንደሆነማ አውቄዋለሁ።»

ስንት ደቂቃ እንደዚያ እንደቆየን አላውቅም፣ ሻዩ በረደ፣ ከደጅ የቆመው ሲወርድ ግን አልሰማንም። በመጨረሻ ከፈትኩት፣ ደረጃው ባዶ ነው። ወርጄ አሮጊቷን ስጠይቃቸው እሳቸውም ሰምተዋል፣ ግን አሁን እንደ መጀመሪያው ቀን አልነበሩም፣ እንግዳው ከደረሰ በኋላ ድምፁ ሲመጣ ሰምቼ አላውቅም አሉኝና በራቸውን ቀስ ብለው ዘጉት፣ ከውስጥ ሲቆልፉትም ሰማሁ።

ቶሮንቶ ተመልሻለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ከጽጌ ጋር በየእሑዱ እንደዋወላለን፣ ታርቀናል፣ ለዚህስ ተመስገን ነው። ግን ስልኩን ስታነሳ፣ ሰላም ከማለቷ በፊት፣ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፣ እኔና እሷ ብቻ የምናውቀውን፣ የውሻችንን ስም፣ ከዛፍ የወደቅኩ ዕለት ለእናታችን የዋሸነውን ውሸት። ለምን እንደምትጠይቀኝ አንድም ቀን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ባለፈው እሑድ፣ አባታችን ከሥራ ሲገባ አንተን ምን ብሎ ነበር የሚጠራህ አለችኝ። ዓመታት የተጠራሁበት ስም ነው፣ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ምንም አልመጣልኝም። ረሳሁት አልኳትና ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፣ ስልኩንም አልዘጋችም፣ ስትተነፍስ ብቻ ይሰማኝ ነበር፣ እኔም ያን ስም ይኸው እስካሁን እየፈለግኩት ነው።